አዴ ጫልቱ ምስክር የሆኑ ዕለት

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ኋላ ሳስበው ግን በዚህ ጉዳይ ያልፈረደብኝ ሰው የለም። መምህሬ ፈርዶብኛል፣ ሽማግሌ ፈርዶብኛል፣ ስድስት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከፊት ወንበር ተቀምጠው አንገታቸውን እየነቀነቁ ፈርደውብኛል። ስለዚህ ፍርዱን ተዉትና ዝም ብላችሁ ስሙኝ። ከቻላችሁም ሳቃችሁን ቀስ አድርጉት።

የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ነቀምቴ፣ አምስተኛ ዓመት። አገሬ ደሴ ነው። ምደባ የወጣ ዕለት ጡረታ የወጣው አስተማሪ አባቴ ካርታ ዘርግቶ ነቀምቴን በጣቱ ፈለገና "ሩቅ ነው፤ ግን ሕግ ነው" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ እናቴን "የዳኛው እናት" ነው የሚላት። ለእረፍት በሄድኩ ቁጥር የአጥር፣ የግድግዳ፣ የውሻ ክርክር ይዞ የማይመጣ ጎረቤት የለም። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ "እሱ እንግዲህ እንደ ሁኔታው ይታያል" እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ያስከበረኝ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በላይ ሕግ መማሬን የሚያውቁት አስተማሪዎቼ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ይጠራጠራሉ።

አምስተኛ ዓመት ላይ "እንደ ሁኔታው ይታያል" የማያዋጣበት ትምህርት መጣ፤ ምስለ ችሎት። ለማታውቁት፣ ተማሪዎች ጠበቃና ዐቃቤ ሕግ፣ ተከሳሽና ተበዳይ ሆነን፣ ያልተፈጸመ ወንጀል ፈጥረን፣ ከልባችን የምንከራከርበት ነው። ጨዋታ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ጨዋታ አይደለም። በዚህ የወደቀ በሚቀጥለው ዓመት ይደግመዋል፤ ከጓደኞቹ ጋር የመውጫ ፈተና አይቀመጥም፤ ከጓደኞቹም ጋር አይመረቅም። ደሴ ላይ ደግሞ ለምረቃዬ ነቀምቴ ድረስ የሚመጡ ዘመዶች ስም ዝርዝር ከወዲሁ ተጽፏል። አክስቴ እንዳትረሳ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጽፋለች።

የደረሰን ጉዳይ ይህ ነው። ተከሳሽ ሐሙስ ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አርጆ ገበያ መሐል፣ አንዱን ሰው በዱላ መትቶ ክንዱን ሰብሯል። ተከሳሽ የሆነው ቶሎሳ ነው፤ የአርጆ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ዐቃቤ ሕጓ ሐዊ ናት። ሐዊን ደህና አደርሽ ስትሏት "በደህና ማደሬን በምን አወቅህ?" የምትል ዓይነት ናት። ተከላካይ ጠበቃው እኔ ነኝ። መከላከያዬ ቀላል ነው፤ ተከሳሹ በተባለው ሰዓት አርጆ አልነበረም፣ ነቀምቴ ምሳ እየበላ ነበር። ምሳ ሲበላ ያየው ምስክር ብቻ ቀረኝ።

ዳኛ ሆኖ የሚሰየመው መምህራችን ገመቹ ነው። ቢበልጠን በአምስትና በስድስት ዓመት ነው፤ ግን ችሎት ላይ ሲቀመጥ አያታችን ይሆናል። "ምስክሮቻችሁን ከየትም አምጡ። እውነት የሚመስል ችሎት ማየት እፈልጋለሁ" ብሎ አዟል። የክፍል ልጆች ምስክር ሲሆኑ ሳቅ ያመልጣቸዋል። እኔ ግን ብልጥ ነኝና፣ እውነተኛ ሰው አመጣለሁ ብዬ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ አዴ ጫልቱን ላስተዋውቃችሁ፤ አዴ በኦሮምኛ የእናት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር የቁርስ ቤት አላቸው። እኔም ከጀርባው፣ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የከተማው ተማሪ ግማሹ ያደገው በእሳቸው ጨጨብሳ ነው ቢባል አልተጋነነም። የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች መዘምራን መሪም ናቸው። እኔ ግን የመረጥኳቸው በጨጨብሳውም በመዝሙሩም አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ድራማ ላይ የጲጥፋራን ሚስት ሆነው ሲጫወቱ አይቻቸዋለሁ። ዮሴፍ እንዲህ አደረገኝ ብለው ሲጮኹ ከአጠገቤ የነበረ አንድ ሰውዬ "ይታሰር!" ብሎ ተነስቷል። እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ ሰው ቁርስ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ምስክር ፍለጋ መዞር ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?

"ውሸት ነው?" አሉ፣ ነገሩን ስነግራቸው።

"ድራማ ነው አዴ። ልክ እንደ ጲጥፋራ ሚስት።"

"ድራማ ከሆነ እሺ፣ ኢልማ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው፤ ቶሎሳ ወደ ኦሮምኛ መለሰልኝ፤ እኔ በራሴ እጅ ገለበጥኩት። ሦስት ቀን፣ የቁርስ ደንበኛ ሲበተን እየጠበቅን ተለማመድን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ቶሎሳ በእሳቸው ቤት እንጀራ በወጥ እንዴት እንደበላ፣ ውሃ እንዴት እንደጠየቀ፣ ሲወጣ እንዴት እንዳመሰገናቸው ሲናገሩ ራሱ ቶሎሳ "በልቻለሁ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያን ሰሞን በግቢው ስሄድ እንደ ዳኛ ነበር የምራመደው።

የችሎቱ ቀን ደረሰ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ካባ ልወስድ ብሄድ የትምህርት ክፍሉ ጥቁር ካባዎች አልቀዋል። አዴ ጫልቱ የመዘምራኑን ካባ አዋሱኝ፤ ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት። ስገባ ስድስቱ መዘምራን ነጠላቸውን ለብሰው የፊት ወንበሩን ይዘውታል፤ አዴ ናቸው የጠሯቸው። አጠገባቸው ኦቦ ዲንሳ ተቀምጠዋል። ኦቦ ዲንሳ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ በባኬ ጃማ የተጣላ ሁሉ በእሳቸው እጅ ታርቋል። መዘምራኑ ካባውን ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ችሎቱ በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲካሄድ ተፈቅዶልናል። ሐዊ የተበዳዩን ቃል አሰማች። ተበዳዩ ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ እያቃሰተ ነገሩን አስረዳ። ተራው የእኔ ሆነ። "የመከላከያ ምስክራችን ይቅረቡልን" አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

አዴ ጫልቱ ቀረቡ። ችሎት ጸሐፊ የሆነው ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጣ። ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። በልምምዳችን መሐላ አልነበረም፤ የጲጥፋራ ሚስትም አልማለችም።

አዴ ጫልቱ መጽሐፉን አዩት። ተቀበሉት። ገለጡት። "የእውነት ነው" አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ጅሉ በርቱ ለማለት ጠቀስኳቸው።

እጃቸውን በመጽሐፉ ላይ አድርገው እውነቱን ብቻ እናገራለሁ ብለው ማሉ። ድምፃቸው እንደ ልምምዱ አልነበረም።

"ወይዘሮ ጫልቱ" አልኩ፣ "ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተከሳሽ የት እንደነበረ ለክቡር ፍርድ ቤቱ ያስረዱልኝ።"

"የትኛው ሐሙስ?"

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል መልስ የለም።

"ያለፈው ሐሙስ፣ ወይዘሮ ጫልቱ።"

"ያለፈው ሐሙስ ቶሎሳ ጠዋት መጥቶ ጨጨብሳ በላ። ማር ጨመርኩለት። ከዚያ ሄደ። ስድስት ሰዓት ላይ የት እንደነበረ አላየሁም።"

ተከሳሹ ቶሎሳ ልክ ናቸው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በዓይኔ ልበላው ደረስኩ።

"እርስዎ ቤት ምሳ አልበላም?"

"ተቃውሞ አለኝ!" አለች ሐዊ። "መልሱን እያጎረሳቸው ነው!"

"ተቃውሞሽን ተቀብለናል" አለ ዳኛው፣ ከአናጢ የተዋሰውን መዶሻ እየመታ።

"ምናልባት ረስተውት ይሆን፣ ወይዘሮ ጫልቱ?" አልኩ፣ ላቤን በመዘምራኑ ካባ እየጠረግኩ።

"አልረሳሁም። እኔ ቤት መቼ ምሳ ተሠርቶ ያውቃል? አራት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል።"

"ኤዬ!" አሉ መዘምራኑ፣ በአንድ ድምፅ። አዎ ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው። ግቢያቸው ውስጥ ዓመት ሙሉ ኖሬ፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ሲዘጉ እያየሁ፣ መከላከያዬን የሠራሁት ቁርስ ቤት በተበላ ምሳ ላይ ነው። ሐዊ እንኳ ይሄን አላሰበችውም ነበር፤ አሁን ደስታዋን ለመደበቅ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች።

አንድ መላ ቀረኝ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሯ ከእኛ ተቃራኒ ሆነው ስለተገኙ፣ እንደ ባላጋራ ምስክር አጥብቄ እንድጠይቃቸው ይፈቀድልኝ።"

አዴ ጫልቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እኔ ነኝ ባላጋራህ? የለበስከውን ካባ ማን ሰጠህ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መዶሻው እስኪሰበር ተመታ። ከዚያ ሐዊ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳች፤ ማር በሆነ ድምፅ።

"አዴ፣ ማሎ፣ እባክዎን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጠበቃው ምን ብለው እንዲመሰክሩ ነው የነገረዎት?"

"ሁሉንም። ጽፎ ሰጥቶኛል።" የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። "ይኸው።"

ወረቀቱ ከሐዊ ወደ ዳኛው አለፈ። መምህር ገመቹ የእጅ ጽሑፌን አምስት ዓመት ሲያርም ኖሯል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ አነበበው። እስከ መጨረሻው። ከታች፣ በቅንፍ ውስጥ፣ "እዚህ ላይ ትንሽ ያልቅሱ" የሚል አለበት።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ዲንሳ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ጸሐፊው ይቀመጡ ቢላቸው አልሰሙትም። ከመጡ ጀምሮ ዓይናቸው በተበዳዩ ፋሻ ላይ ነበር፤ የእውነት ስብራት መስሏቸዋል። "ይሄ ሁሉ ሰው ስለ ወረቀት ይጨቃጨቃል" አሉ። "ክንዱ የተሰበረውን ልጅ የጠየቀ ሰው አለ?"

እዚህ ላይ የአገሩን ወግ ልንገራችሁ። ወለጋ ውስጥ ሽማግሌ ፊት ስትቀርቡ የሚቀድመው ክርክር አይደለም። ሽማግሌው "በድለሃል?" ይላል። "በድያለሁ" ትላላችሁ። ምን፣ እንዴት፣ ስንት የሚለው በኋላ ይታያል። ሽማግሌ ፊት ቆሞ እኔ የለሁበትም ማለት ከዱላው የባሰ ነውር ነው።

ኦቦ ዲንሳ ወደ ቶሎሳ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ በድለሃል?"

ቶሎሳ ያደገበት ነውና፣ ሳያስብ ብድግ አለ፤ አንገቱን ሰበረ፤ "በድያለሁ" አለ።

በዚህ ምድር ላይ የራሱን ምስክር አጥቶ፣ ወዲያው ደንበኛው በፈቃዱ ያመነበት ጠበቃ ካለ አድራሻውን ስጡኝ፤ አብረን እናልቅስ። ተከሳሹ ጥፋተኛ ተባለ። እኔንም መምህር ገመቹ አስቀረኝ። "ምስክር አስጠንቶ ችሎት ማቅረብ የሙያ ነውር ነው። በጨዋታው እንዲህ ያደረገ በእውነተኛው ምን ሊያደርግ ነው? ውጤትህን ይዤዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለመድገም ተዘጋጅ።"

የሚቀጥለውን ሳልደብቅ ልናገር። አዴ ጫልቱን ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። ሌላ ቦታ ሄጄ ጨው የበዛበት እንቁላል ፍርፍር በላሁ። ክፍሌ ውስጥ ተጋድሜ "አንድ ዓረፍተ ነገር ቢዋሹልኝ ምን ነበረበት?" እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ደሴ ደውዬ ለአባቴ ልነግረው ብዬ ቁጥሩን ነክቼ ተውኩት። ለካ ከበሩ ወዲያ ደግሞ አዴ ጫልቱ ልጄን ጣልኩት ብለው ሁለቱን ቀን እህል አልቀመሱም። ይሄን የሰማሁት ከኦቦ ዲንሳ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬን በከዘራቸው መትተው "ተነስ፣ መምህርህ ጋ እንሄዳለን" ያሉኝ ጊዜ። አዴም አብረው ቆመዋል። ሁለቱም እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ በዚህ አገር ሣር ይዞ የመጣን አማላጅ ባዶ እጁን መመለስ ከባድ ነው።

መምህር ገመቹ ሣሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ፊቱን አየሁት፤ ሊምረኝ ሰበብ እየፈለገ ነው። "አዴ" አለ፣ "ልጁ ያደረገው የሚጠየቁትን ነገር አስቀድሞ ማስረዳት ብቻ ነው፤ አይደል?"

የመዳኛው በር ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። አዴ ኤዬ ይበሉ እንጂ ሥራው አለቀ። ኦቦ ዲንሳም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ለኪ" አሉ አዴ ጫልቱ። አይደለም ማለታቸው ነው። "ሙሉውን አስጠንቶኛል። ማልቀሱን ሁሉ።"

ጣሪያውን አየሁ። መምህሩ መሬቱን አየ። እኔም መናገር ያለብኝ መሰለኝና "በቅድሚያ የማቀርበው መቃወሚያ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ዝም በል" አሉ ኦቦ ዲንሳ። "በድለሃል?"

አምስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ያላሰብኩት ነው፣ ማቅለያ አለኝ፣ የትምህርት ዓላማ ነበረው። አዴን አየኋቸው። ለእኔ ብለው ተርበው፣ ለእኔ ብለው ለምነው፣ ለእኔ ብለው እንኳ አልዋሹም።

"በድያለሁ" አልኩ፣ ወደ መምህሩ ዞሬ።

"እሱን አይደለም" አሉ ኦቦ ዲንሳ። "እሷን ነው። መጽሐፍ ይዛ እንድትዋሽ ልታደርጋት ነበር።"

አፈርኩ። የእውነት አፈርኩ። ወደ አዴ ዞሬ፣ ጎንበስ ብዬ "በድያለሁ አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። አንገቴን እየዳበሱ፣ ፈጣሪን ጠርተው፣ "ዋቀዮ ይቅር ይበልህ" አሉኝ።

መምህር ገመቹ ጥቂት አሰበና ወሰነ። ሐሙስ ሌላ ችሎት ይቀመጣል። ተከሳሹ እኔ፣ ክሱ ምስክር ማስጠናት፣ ጠበቃዬም እኔው ራሴ። ምስክሯ አዴ ጫልቱ። "እስከዚያ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ብታነጋግራቸው አለቀልህ። በዚያን ቀን በምትሠራው ታልፋለህ ወይም ትወድቃለህ።"

ሐሙስ መጣ። ካባ የሚያውሰኝም ስለሌለ በሹራቤ ቀረብኩ። አዴ ማሉ። ሐዊ ጠየቀቻቸው፤ አንድም ሳያስቀሩ፣ ለካ ስበላ አይተውኝ ኖሮ እንቁላል ፍርፍሩን ጨምረው ተናገሩ። ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። ምን እንደሚመልሱ የማላውቅ ምስክር ፊት ስቆም የመጀመሪያዬ ነው።

"አዴ፣ ውሸት አስጠንቼዎታለሁ?"

"ኤዬ።"

"ይቅርታስ ጠይቄዎታለሁ?"

"ጠይቀኸኛል።"

እዚህ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ ምስክር አትጠይቁ ተብለን መቶ ጊዜ ተምረናል። ግን ፈለግኩ። ለውጤቱ ብዬ ነው እንዳልል ውጤቱን ረስቼዋለሁ፤ ከእሳቸው አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

"ከልቤ ነበር?"

አዴ ጫልቱ አዩኝ። መጽሐፉን አዩ። እንደገና አዩኝ። ኦቦ ዲንሳ ከዘራቸውን ጨብጠዋል፤ ሐዊ እንኳ ለእኔ የፈራች መሰለኝ።

"እሱን አላየሁም" አሉ በመጨረሻ። "ስትናገር ሰምቻለሁ። ዓይንህ ሲቀላ አይቻለሁ። ልብህን ያየው ዋቀዮ ነው።"

"ሌላ ጥያቄ አለህ?" አለ ዳኛው።

"የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

መምህር ገመቹ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። በክሱ ጥፋተኛ ነህ አለኝ፤ ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "በዚህ ዓመት በዚህ አዳራሽ እውነተኛ ምስክርነት የሰማሁት ዛሬ ነው። ጥያቄውን የጠየቅከው አንተ ነህ። አልፈሃል፤ ለጥቂት።"

መዘምራኑ ባለፈው ያስቀሩትን እልልታ ለቀቁት። ቶሎሳ አቀፈኝ። ሐዊ ጨበጠችኝና "ያን ጥያቄ ግን ለምን ጠየቅህ፣ ደደብ?" አለችኝ።

ስወጣ ዝናብ ጀምሯል። አዴ ጫልቱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ይጠብቁኛል። ከጎናቸው ገብቼ ጥቂት ተራመድን።

"ተቀይመኸኛል?" አሉኝ።

በፍጹም፣ ምን ሲደረግ ልል አፌን ከፈትኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው መጽሐፉን ይዘው የቆሙ ጊዜ እንዳዩኝ እያዩኝ ነው።

"ትንሽ" አልኩ።

አዴ ጫልቱ ቆሙ። ከዚያ ከመጀመሪያው ችሎት ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቁ፤ ጃንጥላው እስኪንቀጠቀጥ። "ይሄን" አሉ፣ ክንዴን ጨብጠው፣ "ይሄን እመሰክርልሃለሁ።"